ክርክር፦ ኑክሌር ከ7ኛ ክፍል ይጀመር?

አወያይ፦ ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው የመንግሥት የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረመች ወዲህ ልጆቻችንም ጉዳዩን ከቴሌቪዥን ይሰማሉ። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ይማሩት ወይስ ይቆይ?

የሳይንስ መምህር፦ ይማሩት ባይ ነኝ። ተማሪዎቼ የሕዳሴ ግድብን ተርባይን አሠራር በሚገባ ያስረዳሉ፤ ኑክሌር ሲባል ግን የሚታያቸው ቦምብ ብቻ ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውኃ እንደሚያፈላ፣ እንፋሎቱም ተርባይን እንደሚያሽከረክር ስነግራቸው፣ «ታዲያ ከጄኔሬተሩ በኋላማ ያው ነው» ይላሉ። ሰንሰለታዊውን መሰነጣጠቅ፣ ማለትም የአንዱ አቶም መሰንጠቅ ሌላውን እንደሚያስከትል፣ ለማሳየት ክብሪቶችን ጭቃ ላይ አቀራርቤ እሰካና አንዱን እለኩሳለሁ፤ አስቀድሜ ከመሀል ሦስቱን የነቀልኩ እንደሆነ እሳቱ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ወላጅ፦ መምህር፣ ልጆቹን የሚያሳስተው ይኸው ምሳሌዎ ይመስለኛል። ክብሪት ጠፋ ከተባለ ጠፋ ነው፤ ሪአክተር፣ ማለትም ዩራኒየሙ የሚሰነጠቅበት የማመንጫው ክፍል፣ ግን መሰነጣጠቁ ከቆመም በኋላ ሙቀት ማውጣቱን ይቀጥላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ ላይ በሥራ ላይ የነበሩት ሪአክተሮች መሬት ሲንቀጠቀጥ ወዲያው ቆመው ነበር፤ ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ባጥለቀለቀ ጊዜ ግን ማቀዝቀዣው ተቋርጦ የሦስቱ ነዳጅ ቀለጠ። ይህን የዘለለ ትምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማስታወቂያ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሁለታችሁም ከማመንጫው መጀመራችሁ ነው ያልገባኝ። ቃሊቲ በሚገኘው ማዕከል ወንድ የቆላ ዝንቦች በጋማ ጨረር መክነው፣ ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብት በሚፈጅበት በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ፣ ዝንቡ እንዳይራባ ተለቅቀዋል። የአርሶ አደር ልጅ ጨረርን በዚህ በኩል ቢያውቀው፣ ጨረር ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ በአንድ ዝንብ ላይ ያየዋል፤ ሪአክተሩ 9ኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል።

የሳይንስ መምህር፦ የዝንቡን ነገር እወስደዋለሁ፤ ሪአክተሩን ማቆየቱን ግን አልቀበልም፤ 8ኛ ክፍል ላይ የሚያቋርጠው ልጅ ዕድሉ ያመልጠዋል። ስለ ክብሪቱ ወላጅ ትክክል ናቸው። ከአሁን በኋላ ረመጥ አስከትላለሁ፤ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ አመድ ሥር ሆኖ ሙቀት የሚያወጣውን ማንም ልጅ ያውቀዋል።

ወላጅ፦ ረመጡ ይሻላል። ብቻ ረመጥ ሲያድር ይበርዳል፤ ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ ግን ከሰው ተለይቶ መቀመጥ ያለበት ለብዙ ሺህ ዓመታት መሆኑን በዚያው ክፍለ ጊዜ ይንገሩልኝ።