ጥያቄ፦ ለክበባችን ወጣቶች በዚህ ክረምት ምን እናዘጋጅላቸው?

የበሬሳ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። በደብረ ብርሃን ከተማ የአንድ ቀበሌ ወጣቶች ክበብ አስተባባሪ ከሆንኩ ሰባት ወር ሞላኝ። ሥራው በጎ ፈቃድ ነው፤ ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። መዝገባችን ላይ የ61 አባላት ስም አለ። ባለፉት አራት ቅዳሜዎች የመጡትን ቆጥሬ ነበር፤ 14፣ 11፣ 12፣ 9 ሆኑ።

ያለን ንብረት ይህ ነው፦ ጣሪያው ሁለት ቦታ የሚያፈስ አዳራሽ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ሁለት ቼዝ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በስጦታ ያገኘናቸው አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች፣ የመረብ ኳስ ሜዳ። ከአባላት መዋጮ የተጠራቀመ 4,300 ብርም አለን።

ከአባላቱ ብዙዎቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ማለፊያ ያላገኙ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከቀሩት አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደጠፋ ጠየቅሁት። «መጥቼ ኳስ ከማይ ቤት ብተኛ አይሻልም? ምን ይዤ እመለሳለሁ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ወጣቶቹ አንድ የረባ ነገር ይዘው እንዲወጡ ምን ብናደርግ ይሻላል? ባለፈው ክረምት ችግኝ ተክለን ነበር፤ ስንቱ እንደጸደቀ ግን የሚያውቅ የለም። የሠራችሁትንና ያያችሁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁ አለብኝ።

የቀድሞ የክበብ ሰው፣ ደሴ

ልጄ፣ በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ያኔ ቴሌቪዥንም ኮምፒውተርም አልነበረንም፤ ግን ቅዳሜ አዳራሹ መቆሚያ አይገኝበትም ነበር። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እያንዳንዳችን ሥራ ነበረን። አንዱ ድራማ ይጽፋል፤ ሌላው ከበሮ ይመታል፤ አንዷ ቡና ታፈላለች፤ ሌላው ቤት ለቤት እየዞረ በሽተኞችን ይጠይቃል። እኔ የመጋረጃ ኃላፊ ነበርኩ። ያለ እኔ መጋረጃው አይከፈትም፤ ስለዚህ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ቀርቼ አላውቅም።

የእናንተ 61 አባላት ስም እንጂ ተራ የላቸውም። መዝገቡን ለሁለት ክፈይው፤ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላው በኩል የእያንዳንዱ ኃላፊነት። ቁልፍ የሚይዝ፣ የቀሩትን የሚጠይቅ፣ ኮምፒውተሩን የሚያጸዳ፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ የሚፈልግ። ያ ልጅ «ምን ይዤ እመለሳለሁ» ያለው ሲመጣም ሲቀርም የሚጎድል ነገር ስለሌለ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ

እኅቴ፣ በአጭር ጊዜና በትንሽ ወጪ በእጅ የሚገባ ሙያ ከፈለግሽ ከመጀመሪያ እርዳታ ጀምሪ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተቋቋመበት ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የቆመ ድርጅት ነው፤ በየአካባቢው ቅርንጫፎች አሉት። ከቀበሌው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ወደ ቅርንጫፉ ሂጂ። ደብዳቤው ላይ የሠልጣኞችን ብዛት፣ ዕድሜያቸውን፣ አዳራሽ እንዳላችሁና የሚመቻችሁን ቀናት ግለጪ። «ድጋፍ እንሻለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ከ25 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ አታስመዝግቢ፤ ሁሉም በእጁ ካልሠራው ሥልጠናው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ጥቅሙን ለወጣቶቹ ስታስረጂ ከቤታቸው ጀምሪ። በእኛ አገር ቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል፤ ትክክሉ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው። የሚጥል በሽታ የተነሣበትን ሰው ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል፤ እጁን ይዘው ያስጨንቁታል፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ ይከታሉ። ማድረግ የሚገባው ግን በዙሪያው ያለውን ስለታምና ጠንካራ ነገር ማራቅ፣ ራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛትና መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ነስር የያዘውን ሰው ራሱን ወደ ኋላ ያስደግፉታል፤ ወደ ፊት ማጎንበስና የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል መያዝ ነው የሚገባው።

ስለ እናንተ ከተማ አንድ ነገር ልጨምር። ብርዱን ሸሽቶ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛት ሰው ይገድላል። ጭሱ የማይታይ፣ ሽታ የሌለው ነው። ወጣቶቻችሁ ይህን ብቻ ተምረው በየቤቱ ቢናገሩ እንኳ ክረምቱ በከንቱ አላለፈም።

ደም ልገሳም ማሰብ ትችያለሽ፤ ግን 18 ዓመት የሞላቸው፣ ክብደታቸው ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነና ጤነኞች ብቻ ናቸው የሚለግሱት። ከ18 በታች ያሉትን ለማንኛውም ሥልጠናና ጉዞ ስትወስጂ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ሲና

እኛም ሰፈር ክበብ አለ። የሚሰበሰበው 11 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ውኃ እቀዳለሁ፤ እራት እሠራለሁ። ሲመሽ ደግሞ ከቤት አያስወጡኝም። የሚመጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ከሴት አባላት ስንቶቹ እንደሚመጡና ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሆነ እባክዎ ይዩት።

የበሬሳ ልጅ (ጠያቂ)

እኅቴ፣ መልእክትሽን እንዳነበብኩ መዝገቡን አወጣሁ። ከ61 አባላት 27ቱ ሴቶች ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከመጡት ዘጠኝ ሰዎች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም እኔ ነኝ። ስብሰባችን 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሴት ሆኜ ይህን አለማየቴ አሳዝኖኛል። ለሦስት ሴት አባላት ደውዬ ነበር፤ ሁለቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ይመቸናል አሉ። ሦስተኛዋ ታናሽ ወንድሟን ይዛ መምጣት ከተፈቀደላት ትመጣለች። ለምን አይፈቀድም?

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ሐዋሳ

አራት ኮምፒውተር ትንሽ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደርስ» መርሐ ግብር በነፃ የሚሰጥ የኢንተርኔት ሥልጠና ነው። ሲጀመር የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የዳታ ሳይንስ መሠረትና የአንድሮይድ ልማት መሠረት የሚሉ ኮርሶች ነበሩት፤ ለጨረሰ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ብዙ ክበቦች አባሎቻቸውን አስመዝግበው ፎቶ ተነሥተው ይቀራሉ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርገሽ አስቀምጪ፤ ቅዳሜ ሁሉም የተማረውን በአማርኛ ያስረዳ። ለሌላ ሰው ማስረዳት የቻለ ገብቶታል ማለት ነው። ሁለተኛው ዳታ ነው፤ 4,300 ብራችሁን በአንድ ወር ይጨርሰዋል። ከቀበሌው ወይም በአቅራቢያችሁ ካለ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት በሳምንት ለሁለት ግማሽ ቀን እንዲፈቀድላችሁ ጠይቁ፤ የቀረውን ቀን በኮምፒውተሮቹ ላይ ያለ ኢንተርኔት ጽሑፍ መጻፍና የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥራት ይለማመዱ። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ወጣት ቶሎ እንጀራ የሚሆነው ይኸኛው ነው። ጽሑፍ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ሆቴል፣ መጋዘን ሁሉም ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል።

ስምንት ሰው ምረጪ፤ ከስምንት አትበልጪ። ስምንቱ ጨርሰው በጥቅምት ሌላ ስምንት ያስተምሩ።

ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

ስለ ችግኙ ልናገር። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ወጣቱ መትከልን ለምዷል፤ መንከባከብን ግን ገና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የሚመጣው ውርጭ ለጋ ችግኝ ይፈጃል። የእናንተም የሞተው በዚያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

በሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይቆማል። ባሕር ዛፍ ሞልቷችኋል፤ የሐበሻ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ፈልጉ። ከመስከረም በኋላ ዙሪያውን አርሙ፤ ግንዱ ሥር ገለባ ጎዝጉዙ፤ ሌሊት ውርጭ ሲከብድ በሣር ጋርዱት። ከሁሉ በላይ ከብት እንዳይገባ እሾህ እጠሩበት። ብዛቱንም ቀንሱት። 500 ተክሎ ከመርሳት 60 ተክሎ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ መስጠት ይበልጣል። በየወሩ መጨረሻ ቆጥራችሁ ጻፉ። የሞተበት ሰው አይወቀስ፤ ለምን እንደሞተ ይመርምር፤ ይህም ትምህርት ነው።

የሒሳብ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጥያቄሽ ውስጥ ልቤን የነካው ፈተና ስላላለፉት የጻፍሽው ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከመቶ ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆነው ሲወድቅ እያንዳንዱ ልጅ ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ብቻ ይጭናል፤ ቤት ይዘጋል፤ ጓደኛ ይሸሻል። ይህን ቁጥር ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይወቁ።

ቀጥሎ ውጤታቸውን በየትምህርት ዓይነቱ ጠይቂ፤ ድምሩን ተዪው። በጠቅላላ የወደቀ ልጅ በአንዱ ትምህርት ጎበዝ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እነዚህን ልጆች በክረምቱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንዲያስጠኑ መድቢ። ከ12 በላይ ልጅ በአንድ ክፍል አይኑር። ርዕሱን ራሳችሁ አትምረጡ፤ በአቅራቢያችሁ ያሉትን መምህራን «ተማሪዎቻችሁ የት ላይ ይደናቀፋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ለ19 ዓመት ሳስተምር ያየሁት ክፍልፋይና አሉታዊ ቁጥር ላይ ነው። አስጠኚው ራሱ የዘለለውን መሠረት እዚያው ይሞላል። በድጋሚ ለመፈተን የሚፈልግ ካለ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም።

ሌላው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው። እባክሽ «ያልሆነለት የሚገባበት» ተብሎ እንዳይቀርብ። ከተማችሁ ውስጥ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ፋብሪካዎችም አሉ። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት አባላቱን ይዘሽ ሂጂ፤ የብየዳውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የስፌቱን ወርክሾፕ በዓይናቸው ይዩ። የብቃት ምዘና አልፎ የምስክር ወረቀት የያዘ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ አይጠፋበትም። አንቺም ልብስ ሰፊ ነሽ፤ የራስሽን ሙያ ለምን አላቀረብሽላቸውም?

የበሬሳ ልጅ (ጠያቂ)

መምህር፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ አስደንግጦኛል። እኔ ስፌትን እንደ እንጀራዬ እንጂ ለሌላ እንደምሰጠው ነገር አላየሁትም ነበር። አሠሪዬን አነጋግሬ ሰኞና ረቡዕ ማታ አንድ የስፌት መኪና ለልምምድ ፈቅደውልኛል።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። አንዳንድ አባላት ተደራጅተን የወጣቶች ብድር እንውሰድ ይላሉ። ምን ትመክራላችሁ?

የብድርና ቁጠባ ተቋም ሠራተኛ፣ አዳማ

የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ሲቋቋም ብዙ ወጣት በፍጥነት ተደራጀ። በሥራዬ ያየሁትን በሐቅ ልንገርሽ። የፈረሱት ቡድኖች አብዛኞቹ ለብድሩ ሲሉ የተገናኙ፣ ከዚያ በፊት አብረው አንድ ቀን ያልሠሩ ነበሩ። የቡድን ዋስትና ማለት አንዱ ካልከፈለ ዕዳው ለቀሩት ይተርፋል ማለት ነው። ጓደኝነትም ቤተሰብም ይፈርስበታል።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ብድር አይታሰብ። ዕቁብ ጀምሩ፤ በሳምንት 30 ብር ይበቃል። በየሳምንቱ በሰዓቱ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ደርሶት ካበቃ በኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ በሦስት ወር ውስጥ ይታወቃል። አብረው ሠርተው፣ ቆጥበው፣ ገዢ አግኝተው ሲያዩት በሚቀጥለው ዓመት ብድሩን ይጠይቁ። እስከዚያው የፋይዳ መታወቂያ የሌላቸውን አስመዝግቢ፤ ምዝገባው ነፃ ነው፤ ለባንክ ሒሳብም ይጠየቃል። ከ18 በታች የሆኑትን ግን በምንም ዓይነት ብድር ውስጥ አታስገቢ።

የበሬሳ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ትናንት ስምንት ሆነን ተቀምጠን ወሰንን። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ሆኗል። ለቀይ መስቀል ቅርንጫፍ የሚሄደው ደብዳቤ ሰኞ ማኅተም ይመታበታል፤ 24 ሠልጣኝ ጽፈናል፤ 12ቱ ሴቶች ናቸው። ከገንዘባችን 1,800 ብሩ ለጣሪያው ቆርቆሮና ሚስማር ይውላል፤ ቆርቆሮውን የምንመታው ራሳችን ነን። ችግኙ 60 ብቻ ይሆናል።

መንገድ ላይ ያገኘሁትን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ውጤቱን በየትምህርቱ ጠየቅሁት። ሒሳብ 71 አምጥቶ ነበር! እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም። የ8ኛ ክፍል ልጆችን ታስጠናለህ ወይ ስለው ወዲያው አልመለሰም፤ «መጽሐፍ አለ?» ብቻ አለኝ። መጽሐፍ የለንም። ደብረ ብርሃን ያላችሁ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ቢኖራችሁ ከሰኔ መጨረሻ በፊት በውሰት ስጡን፤ አምስት ቢሆን ይበቃናል።

የጠባሴ ነዋሪ፣ ደብረ ብርሃን

ልጆቼ ያለፉበት ሦስት መጽሐፍ አለኝ፤ ሁለቱ የ8ኛ፣ አንዱ የ7ኛ። ማዋስ አያስፈልግም፤ ውሰዱት። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዳራሹ ድረስ አመጣለሁ፤ መዶሻም ይዤ እመጣለሁ።