ፕላውደን የሚለው የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከየት መጣ? ለምንስ ብርቅ ሆነ?

መምህሩ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ስናስተምር ቆንስል ዋልተር ፕላውደንን ሳናነሣ አናልፍም። በ1848 ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራረመ፤ በ1860 ጎንደር አቅራቢያ የአማፂው የጋረድ ሰዎች አቁስለው ማረኩትና በገንዘብ ከተለቀቀ በኋላ በዚያው ቁስል ሞተ። ንጉሡ ጋረድን ሊበቀሉ በዘመቱበት ውጊያ ደግሞ ወዳጁ ጆን ቤል ወደቀ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ጥያቄዬ ስለ ስሙ ነው። በመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ስለ እንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በ1967 የወጣውን የፕላውደን ሪፖርት ተምረናል። ሰሞኑን ስለ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ሳነብ ደግሞ ኤድመንድ ፕላውደን የሚባል የሕግ ሊቅ አገኘሁ። ስሙ ስሚዝ ወይም ጆንስ ቢሆን ኖሮ ነገሬ ብዬ አላየውም ነበር። ይህኛው ግን ብዙ ሰው የሚጠራበት አይመስለኝም። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ናቸው? ስሙስ የየትኛው የእንግሊዝ ክፍል ነው? አንድ ባልደረባዬ ማረሻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው ይላል።

ፈለገ ግዮን

መምህር፣ እኔ ይህን ስም የማገኘው ሁልጊዜ ከሕንድ ጋር ተያይዞ ነው። የቆንስሉ አባት በቤንጋል የእንግሊዞች አስተዳደር ውስጥ ይሠራ ነበር። ዋልተር ራሱም ገና በወጣትነቱ በካልካታ በአንድ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ ነው ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ስዌዝ ላይ ከጆን ቤል ጋር የተገናኘው፤ ወደ እኛ አገር የመጡትም አብረው ነው። ዊንስተን ቸርችል በወጣትነቱ በ1896 ሴኩንደራባድ ላይ ተዋውቋት የወደዳት ፓሜላ ፕላውደንም የሃይደራባድ የእንግሊዝ ወኪል ልጅ ነበረች። ስለዚህ ሕንድ የነበሩ እንግሊዛውያን ስም ይመስለኛል። የሚያውቅ ካለ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

ወለተ ኪዳን፣ ሽሩስበሪ

መምህር፣ እንኳን ጠየቁ። የምኖረው የሽሮፕሺር አውራጃ ዋና ከተማ በሆነችው በሽሩስበሪ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የያዝኩት ሥራ የዚህን አካባቢ የቤተሰብ ስሞች መከታተል ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንኑ የጠየቁትን ስም ስለሆነ ቃሌ ቢረዝም ይታገሡኝ።

የፈለገ ግዮን አስተያየት ትልቅ እውነት አለው፤ ስሙ የታወቀው በሕንድ ነው። ሥሩ ግን እዚሁ ነው፣ ያውም አንድ ቦታ ብቻ። ከሽሩስበሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ዌልስ ድንበር ሲሄዱ ቢሾፕስ ካስል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእርሷ በስተምሥራቅ፣ በሎንግ ሚንድ ተራራ ደቡባዊ ጫፍ፣ የኦኒ ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ፣ በሊድበሪ ኖርዝ አጥቢያ ውስጥ ፕላውደን ይገኛል። መንደር ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ ጥቂት ቤቶች፣ እርሻ፣ ደን፣ አንድ የቆየ የባላባት ቤት፤ ያ ነው። እስከ 1935 ድረስ አንዲት የባቡር ጣቢያ ነበረችው፤ መስመሩ ሲዘጋ እርሷም ቀረች። የማረሻው ነገር ከዛሬው አጻጻፍ የመጣ ግምት ነው። የቦታ ስም አጥኚዎች የሚሰጡት ትርጉም በጥንታዊው እንግሊዝኛ የጨዋታ ሸለቆ የሚል ነው።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባለ ርስቶች በርስታቸው ስም መጠራት ጀመሩ፤ እስከ 1400 ገደማ ድረስ የአብዛኛው እንግሊዛዊ ስም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ። ኒውተን ወይም ሰተን የሚባል ሰው ብናገኝ ግን ከየት እንደ መጣ ማወቅ አንችልም፤ በእነዚህ ስሞች የሚጠሩ መንደሮች በየአውራጃው ሞልተዋልና። ፕላውደንን የመሰለ ስም ሲገጥመን ግን ጣታችንን ወደ አንድ ሸለቆ ለመጠቆም እንደፍራለን። ከዚያ ሸለቆ ጥቂት ማይል ወደ ምዕራብ ቢራመዱ ደግሞ ዌልሶች እስከ 16ኛው መቶ ዘመንና ከዚያም በኋላ ልክ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ የሪስ ልጅ፣ የኦወን ልጅ እየተባሉ። የኋላ ኋላ ያ አጠራር ረግቶ ፕራይስና ቦወን የሚሉ ስሞች ወጡት። ኢትዮጵያውያን እዚህ አገር ቅጽ ስንሞላ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ እንደሚቀረው ማለት ነው።

አሁን ለምን ብርቅ ሆነ ወደሚለው እንምጣ። እኔ ዋናው ምክንያት ሃይማኖት ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤተሰቡ ትውፊት ሮጀር የሚባል አባታቸው በ1191 በመስቀል ጦርነት በፍልስጥኤም ምድር በአክር ከተማ ከበባ እንደ ነበረ፣ በሰላም ከተመለሰ ጸሎት ቤት ሊሠራ እንደ ተሳለ ይናገራል። በሊድበሪ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ጸሎት ቤት እስከ ዛሬ አለ። እርስዎ ያገኙት የሕግ ሊቅ ኤድመንድ ከ1518 እስከ 1585 የኖረ የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ለንደን ውስጥ ሚድል ቴምፕል የሚባለው የጠበቆች ማኅበር ታላቁን አዳራሽ ሲያሠራ ኃላፊው እርሱ ነበር፤ የተቀበረውም እዚያው በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ነው። አገሩ ፕሮቴስታንት ስትሆን እርሱ ካቶሊክ እንደ ሆነ ቀረ። ንግሥቲቱ ሃይማኖቱን ቢተው የአገሪቱን ትልቁን የዳኝነት ሹመት ልትሰጠው ፈልጋ እንቢ እንዳለ ይነገራል። አንድ ሰው በድብቅ ቅዳሴ ሰምተሃል ተብሎ ሲከሰስ ጥብቅናው ለኤድመንድ ደረሰ፤ የቀደሰው ሰው ወጥመድ ለማበጀት የተላከ ሐሰተኛ ቄስ መሆኑን ሲያውቅ፣ «እንግዲያስ ጉዳዩ ተለወጠ፤ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም» ብሎ ሰውየውን አስፈታው ብለው ይተርካሉ። «ጉዳዩ ተለወጠ፣ አለ ፕላውደን» የሚለው አባባል በእንግሊዝኛ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል።

ከ1581 ጀምሮ ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ያለ ሰው በወር 20 ፓውንድ ይቀጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ቤት የሚያፈርስ ገንዘብ ነው። ካቶሊክ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ባሕር አሻግረው ሴንት ኦሜር ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) ትምህርት ቤት ይልኩ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ጎንደር አካባቢ መጥተው የነበሩት የዚሁ ማኅበር ሰዎች መሆናቸውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ፕላውደኖች በየትውልዱ ወንዶች ልጆቻቸውን ለዚህ ማኅበር ሰጡ። በ17ኛው መቶ ዘመን ቶማስ ነበረ፤ በ18ኛው ሮበርት ነበረ፣ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ያሠራው። ወንድሙ ቻርልስ የስቶኒኸርስት ኮሌጅ አስተዳዳሪ ሆነ። ቻርልስ በ1821 የማኅበሩን ጄኔራል አለቃ ከመረጠው ጉባኤ ከሮም ሲመለስ ፈረንሳይ ውስጥ ዡኝ በምትባል መንደር በድንገት ሞተ፤ የመንደሩ ሰዎች ከጄኔራል ጋር እንደ ነበረ ሲሰሙ የጦር ጄኔራል መስሏቸው በወታደራዊ ሥርዓት ቀበሩት።

እነዚህ ሰዎች ልጅ አልወለዱም። የቤተሰብ ስም በወንድ ልጅ በኩል ብቻ በሚወርድበት አገር፣ መነሻው አንድ ሸለቆ የሆነ ቤተሰብ በየትውልዱ ወንዶቹን ለምንኩስና ሲሰጥ ስሙ ሊበዛ አይችልም። ይህን ስም ብርቅ ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል፤ የቁጥሩ ማነስ ውስጥ የአንድ ቤት የእምነት ጽናት አለና።

የተሠራጨውም እንደ ሌላው ስም ሥራ ፍለጋ ወደ ፋብሪካ ከተሞች በጎረፈ ሕዝብ አይደለም። አንዱ ቅርንጫፍ በቴምዝ ወንዝ ዳር በኦክስፎርድሺር ሺፕሌክ ላይ ርስት ያዘ። ቆንስሉ የወጣው ደግሞ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ካገለገለው ቅርንጫፍ ነው፤ ሪቻርድ ቺቸሊ ፕላውደን የኩባንያው ዳይሬክተር እስከ መሆን ደርሷል። ቺቸሊ የሚለውን የመካከል ስም ልብ ይበሉ። በ1438 የኦክስፎርዱን ኦል ሶልስ ኮሌጅ ከመሠረቱት ከሊቀ ጳጳስ ሄንሪ ቺቸሊ የመጣ ስም ነው፤ የሕንዱ ቅርንጫፍ ከልጅ ወደ ልጅ ሲያወርሰው ኖሯል። የእናንተው ሰው ሙሉ ስም ዋልተር ቺቸሊ ፕላውደን ነው። በካልካታም ሆነ በሃይደራባድ ይህን የመካከል ስም ካዩ የዚያ ቅርንጫፍ ሰው እንዳገኙ ይገምቱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

እትዬ ወለተ ኪዳን፣ እግዜር ይስጥልን። ከአሜሪካ በኩል ያለውን ልጨምር። ሰር ኤድመንድ ፕላውደን የሚባል ሌላ ሰው በ1634 ከቻርልስ ቀዳማዊ መንግሥት ኒው አልቢዮን የተባለ ቅኝ ግዛት የሚያቆምበት ቻርተር ተቀብሎ ነበር። ግዛቱ የዛሬውን ኒው ጀርሲንና አጎራባቾቹን የሚይዝ ነበር። በ1642 ወደ ቨርጂኒያ ቢመጣም አንድ ጊዜ የገዛ ሰዎቹ አምፀው ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ፤ በመጨረሻ ሳይሳካለት ተመለሰ። ዘሮቹ ግን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለካቶሊኮች መጠጊያ እንድትሆን ወደ ተመሠረተችው ሜሪላንድ መጥተው ቅድስት ማርያም በተባለው ወረዳ ሰፈሩ። እኔ ካለሁበት ወደ ደቡብ በመኪና ቢነዱ ስሙን ቡሽዉድ አካባቢ ያገኙታል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። በደቡብ ካሮላይና፣ በተለይ ማኒንግ ከተማ አካባቢ፣ በነጮችም በጥቁሮችም ዘንድ ፕላውደን የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ። በባርነት የነበሩ ሰዎች ነፃ ሲወጡ ብዙዎቹ የቀድሞ ባለቤቶቻቸውን ስም ይዘዋል፤ አብዛኞቹ በአገሪቱ ቆጠራ ላይ በስማቸው የተጻፉትም ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የስሙ መገኘት ብቻውን የሥጋ ዝምድናን አያሳይም፤ የእነዚያ ቤተሰቦች ታሪክ የራሳቸው ነው፣ በሽሮፕሺር ሸለቆ የሚለካም አይደለም።

መምህሩ ከአዘዞ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ የ1967ቱ ሪፖርት ባለቤትስ? ሁለተኛ፣ በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ የስሞችን ሥርጭት በአውራጃ የሚያሳይ ካርታ በኮምፒውተር አይቻለሁ። ለተማሪዎቼ ባሳያቸው ይታመናል?

ወለተ ኪዳን፣ ሽሩስበሪ

የሪፖርቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ብሪጅት ፕላውደን ናቸው፤ ስሙ የባላቸው ነው። እርሳቸው የአድሚራል ኸርበርት ሪችመንድ ልጅ ናቸው። ባላቸው ኤድዊን ፕላውደን በ1954 ሲቋቋም የብሪታንያ የአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣን የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ነበሩ። እንግዲህ በትምህርት ታሪክ ስሙን በጣም ያስጠሩት ሴት በትውልድ ፕላውደን አይደሉም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ያሉትን እኔም አጸናለሁ፤ ስምና ደም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ካርታውን ያሳዩአቸው፣ ጥሩ ነው። የ1881ዱ ቆጠራ እንግሊዝን፣ ዌልስንና ስኮትላንድን የሚሸፍን፣ በጎ ፈቃደኞች ከዳር እስከ ዳር የገለበጡት ስለሆነ ስም አጥኚዎች እንደ መነሻ ይይዙታል። እንደ ፕላውደን ያለ ስም ላይ ግን ሲበዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቆጠራው በዚያች በኤፕሪል 3 ሌሊት በብሪታንያ የነበረውን ሰው ብቻ ነው የያዘው፤ ሕንድ ያሉት ዳኞች፣ መኮንኖችና ቤተሰቦቻቸው አይታዩበትም። የስሙ ባለቤቶች ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ በአንድ ቤት የተገኙ ሰባት ስምንት ልጆች በካርታው ላይ አንድን አውራጃ በሙሉ በደማቅ ቀለም ያስቀቡታል፤ ተመልካቹ ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት ይመስለዋል።

ከቆጠራው በፊት ያለውን ዘመን ለመከታተል የሚያገለግሉት የአጥቢያ መዝገቦች ናቸው፤ እነርሱም የሚጀምሩት በ1538 ነው። ካቶሊኮች ግን ልጆቻቸውን በድብቅ ስለሚያስጠምቁ ብዙ ጊዜ እዚያ አይገኙም። የሚገኙት ከ1592 ጀምሮ ባሉት የቅጣት መዝገቦች ነው፤ ቅጣት ያስከፈላቸው እምነት ለእኛ ስማቸውን አቆየልን። ሲፈልጉ በዛሬው አጻጻፍ ብቻ አይወሰኑ፤ የድሮ ጸሐፊዎች ስሙን ፕሎይደን እያሉም ይጽፉት ነበር።

ለክፍልዎ የሚሆን አንድ ነገር ልጠቁምዎት። ዋልተር ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ማስታወሻ ለንደን ላይ በ1868፣ ማለትም በመቅደላ ዘመቻ ዓመት፣ ያሳተመው ወንድሙ ነው። የወንድሙም ስም ትሬቨር ቺቸሊ ፕላውደን ነው፤ የአባታቸው ስምም ያው ስለሆነ ሁለቱን እንዳያምታቱ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው።