ትልቅ ሰው ሆናችሁ የልጆች ቀልድ መጽሐፍ የምታነቡ አላችሁ?

የቆጪው፦
ሰላም ጅማዎች። የቡና መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጆቼ አድገው የተዉትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ «ዊኒ ዘ ፑ»ን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። በ1926 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ድቡ ፑ ጥንቸል ቤት ማር ሲበላ ቆይቶ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተቀረቀረ። እስኪከሳ ሳምንት መጠበቅ ግድ ሆነ። ጥንቸል ታዲያ እግሮቹ ቦታ ከያዙ አይቀር ብሎ ፎጣ አሰጣባቸው! ልጅ የሚስቀው በመቀርቀሩ ነው። እኔን የገደለኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። እንግዳው ዓይኑ ጓዳ ላይ እያለ መሄድ ያቅማማል። ባለቤቱ ደግሞ «እኔም ልወጣ ነበር» ይላል። ይህን ያላደረገ አባወራ ካለ እጁን ያውጣ።

ባልደረቦቼ «ሰውዬው ወደ ልጅነት ዞረ» እያሉኝ ነው። ሌላ እንዲህ የሚያስቅ ምን ላንብብ?

መምህሩ፦
«አሊስ ኢን ዎንደርላንድ»ን ያንብቡ፣ አሊስ ስለምትባል ልጅ የተጻፈውን፣ የ1865 እ.ኤ.አ.ውን። ጸሐፊው ሉዊስ ካሮል ኦክስፎርድ ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። አንድ ቦታ ላይ የረጠቡ እንስሳት ለመድረቅ ይሮጣሉ። ሁሉም በፈለገው ሰዓት ይነሳል፣ በፈለገው ሰዓት ያቆማል። መጨረሻ ላይ «ሁሉም አሸንፏል» ተባለ። ሽልማቱ ከአሊስ ኪስ የወጣ ከረሜላ ነው። ለእሷ ስላልተረፈ፣ ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቃትን ዕቃ ከራሷ ተቀብለው በንግግር ሸለሟት። የዓመት መጨረሻ ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን እያነበበ ካልሳቀ ሐኪም ይየው።

የጌራ ልጅ፦
ፑ ፊኛ ይዞ፣ ደመና መስሎ ንብ ሊያታልል የሄደበትን ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነው። ፊቱ ሳይፈታ «ጭስ አልያዘም?» አለኝ። አልያዘም ስለው ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ፦
የፈረንጅ ድብ ምን ያደርግላችኋል? አለቃ ገብረ ሐና እያሉልን!

የቆጪው፦
እትዬ፣ አለቃንማ ማን ይጠላል። ግን አለቃ ሌላውን ነው የሚያሳፍሩት። የፑ ሰፈር ሰዎች ራሳቸው ይሳቅባቸዋል፣ አያፍሩምም። ያ ሁሌ የሚያዝነው አህያ ለልደቱ የደረሰው የፈነዳ ፊኛና ማሩ መንገድ ላይ የተበላ ባዶ ማሰሮ ነው። ቅሬታ ሲጠብቁ እሱ ፊኛውን ማሰሮው ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፣ ደስ ብሎታል። እዚህ ጋ ሳቄ ትንሽ ተበላሸብኝ። በልጅነቴ ባነበው ዝም ብዬ የማልፈው ይመስለኛል።

መምህር፣ አሊስን ያውሱኛል? ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ ብቅ እላለሁ።

መምህሩ፦
ይምጡ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን የሉም፤ ልጄ አውሮፕላን ሠርቶባቸዋል።