ሲምባል ሳጋጭ «ቧፍ» ብሎ ይጣበቃል፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦
ሰላም ወገኖች። በባንዳችን ድራም ነበር የምመታው። ባለፈው ሳምንት መሪያችን ድንገት ጥንድ ሲምባል (እርስ በርስ የሚጋጩትን ክብ የብረት ሳህኖች) አስጨበጠኝና «ቀላል ነው፣ አጋጭ» አለኝ። ቀላል አይደለም! አንዳንዴ ጥሩ ይጮሃል፣ አንዳንዴ ግን እንደ ድስት ክዳን «ቧፍ» ብለው እርስ በርስ ይጣበቁና ለማላቀቅ ትግል ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ባለ 18 ኢንች ናቸው፣ ክንዴም ቶሎ ይዝላል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የዕቃው?

የኋላ ረድፍ፦
ዕቃውን ተወው። ጠርዞቹ ዙሪያቸውን እኩል ሲገጥሙ አየሩ መሃል ላይ ይታፈናል፣ «ቧፍ» ያልከው እሱ ነው። ስለዚህ እንደ ጭብጨባ ፊት ለፊት አታጋጫቸው። የግራውን ትንሽ አዘንብለህ ያዘው፣ ብዙም አይንቀሳቀስ፣ የቀኙ ይምጣበት። አንዱ ከሌላው አንድ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። መጀመሪያ አንደኛው ጫፍ ይነካል፣ ወዲያው ሌላኛው ይከተላል። በጣም በዝግታ ከሞከርከው «ት-ታ» የሚል ድርብ ድምፅ ትሰማለህ፤ ፍጥነት ስትጨምር ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ዝግታውን ንቄ በቀጥታ ወደ ጩኸቱ ሄድኩና ወር ሙሉ ስጣበቅ ከረምኩ።

ቋጠሮ፦
አያያዝህስ እንዴት ነው? እጅህን ማሰሪያው ውስጥ አጥልቀህ ከሆነ አውጣው፣ እሱ እየተጓዙ ለሚጫወቱ ነው። ማሰሪያውን ከጉብታው (ከሲምባሉ መሃል ካለው እብጠት) ሥር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠህ ያዝ፣ ሌሎቹ ጣቶች ይጠቅለሉበት። መዳፍህ ብረቱን ከነካ ድምፁን ይበላዋል። ደግሞ ከልምምድ በፊት ቋጠሮውን እይ፣ እለምንሃለሁ። የኔ አንዴ ጸጥ ባለ ቦታ ላይ ተፈታና ሲምባሉ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ እስከ ክላርኔቶቹ ድረስ ሄደ። ለመተኛትም አልቸኮለም።

ዝምተኛው፦
የክንዱን ድካም ማንም አላነሳም። ሁልጊዜ አንስተህ አትቁም፣ ረጅም እረፍት ሲኖር ማስቀመጫው ላይ አሳርፋቸው። መቁጠሩን ብቻ እንዳትረሳ! የቼኩ አቀናባሪ የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ (1893 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ሲምባል የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ያውም ጮክ ብሎ እንኳ አይደለም። አንዷን ካሳለፍክ አለቀ። የጆሮ መከላከያም ያዝ፣ ድምፁ የሚፈነዳው ፊትህ ላይ ነው።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ ወገኖች። ዛሬ ዝግታውን ሞከርኩት፣ ከአሥሩ ሰባቱ ጥሩ ወጡ። ሌላ ጥያቄ፦ አጭር ኖታ ሲሆን እንዴት ነው ቶሎ የሚቆመው?

የኋላ ረድፍ፦
ጠርዞቹን ወደ ሆድህ ወይ ወደ ደረትህ ሳብ፣ ልብስህ ያፍነዋል። ሁለቱን እኩል ሳብ፣ አንዱ ከቀደመ ሌላው ለብቻው ይጮሃል። ረጅም ከሆነ ደግሞ ዝም ብለህ ከፍተህ ያዛቸውና ይጩሁ።

ቋጠሮ፦
ባለ ብረት ቁልፍ ሸሚዝ ግን አትልበስ። ጠርዙ ሲነካው «ዝዝዝ» ይላል።