ሉፕ እያለኝ የማያ የሆድ እሽት ይሆናል ወይ?

እህቶች፣ ግራ ገብቶኛል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የወር አበባዬ ሲመጣ ወገቤን ይቆርጠኛል፤ የሆድ ድርቀቱም አብሮ ይብሳል። የሥራ ባልደረባዬ የመካከለኛው አሜሪካዋ አገር የቤሊዝ ልጅ ናት፤ የማያ (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) የሆድ እሽት ሞክሪ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 ያረፉት የቤሊዟ ሳን አንቶኒዮ መንደር ባህላዊ ሐኪም ዶን ኤሊሂዮ ፓንቲ ለአሜሪካዊቷ ሮዚታ አርቪጎ ያስተማሩት ነው። በጀርባ ያስተኙሽና ከብልት አጥንት በላይ ጀምረው፣ በጣታቸው ጫፍ ወደ እምብርት እየገፉ ያሻሉ። ማህፀን ወደ ቦታው ይመለሳል ባዮች ናቸው (እሱን እንኳ እጠራጠራለሁ)።

ችግሩ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) አለኝ። የእሽት ባለሙያዋ “ሉፕ ካለሽ ታችኛውን ሆድ አልነካም” አለች። ሐኪሜ ደግሞ ስለ እሽቱ ሰምቶም አያውቅ። ሉፑን ላስወጣ ወይስ እሽቱን ልተወው? አዋላጅ ወይም ፊዚዮቴራፒስት የሆናችሁ፣ ከእምብርት በላይ ብቻ ብታሽ ለድርቀቱ ይረዳኝ ይሆን?