የፈንዱ ፊርማ በማን እጅ ይሁን?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦

የምሠራበት ድርጅት አርባ ያህል ሠራተኞች አሉት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ሲወጣ፣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከደመወዛችን የሚቀነስ፣ አሠሪውም የሚያዋጣበት፣ ሥራ ስንለቅ የሚከፈለን ቁጠባ) የነበረን ሰዎች በዚያው እንድንቀጥል ወይም ወደ ጡረታ እንድንገባ ምርጫ ተሰጥቶን ነበር። እኛ ነባሮቹ በፈንዱ ቀጠልን። የፈንዱን ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ባለአደራዎች ሦስት ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ ኃላፊው እና አንድ የሠራተኛ ተወካይ። ተወካዩን የመረጠው ግን ሥራ አስኪያጁ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባችን ሥራ ለቅቆ ድርሻውን ሲጠይቅ «ትንሽ ታገሥ» ተባለ። ነገሩ ሲጣራ፣ የአምስት ወር ተቀናሻችን ወደ ፈንዱ ሒሳብ አልገባም፤ ጥሬ ዕቃ ተገዝቶበታል። በኋላ ያለ ወለድ ተመለሰ። በእነዚያ አምስት ወራት የደመወዝ ወረቀታችን ላይ «ፕ/ፈንድ» የሚለው መስመር ከነቁጥሩ ሳይቀር ይወጣ ነበር። እኔ ያንን ወረቀት በየወሩ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ ነበር፣ ገንዘቤ ያለ መስሎኝ።

አቋሜ ይህ ነው፦ ከባለአደራዎቹ አብላጫዎቹ ሠራተኛው በምስጢር ድምፅ የመረጣቸው ይሁኑ፤ ያለ እነሱ ፊርማም ከሒሳቡ አንድ ብር አይውጣ። የምትቃወሙኝ ካላችሁ ምክንያታችሁን አሰሙን።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ፦

የደረሰባችሁ በደል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። መፍትሔው ምርጫ ነው በሚለው ግን አልስማማም። ሒሳቡን የመረመርኩለት አንድ ፈንድ ነበር፤ ሦስቱም ባለአደራዎች በሠራተኛው የተመረጡና የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡን በተራ የቁጠባ ሒሳብ አስቀምጠው ለዓመታት አልነኩትም። አለመንካታቸውንም እንደ ታማኝነት ቆጠሩት። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ አስሉት፦ 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ሲሆን፣ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130,000 በላይ ገባ። ማንም ሳይሰርቅ ከእያንዳንዱ መቶ ሺህ ከ23,000 ብር በላይ የመግዛት አቅም ጠፋ። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወይም በግምጃ ቤት ሰነድ (ለመንግሥት በወለድ በማበደር) ጉድለቱን ማጥበብ እንኳ ያሰበ ሰው አልነበረም። ባለአደራ ማለት ለእኔ መጀመሪያ ሒሳብ የሚያነብ ሰው ነው።

የእድር ገንዘብ ያዥ የነበሩ አባት፣ ደብረ ሲና፦

ልጆቼ፣ እኔ ስለ አክሲዮንና ስለ ሰነድ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት የእድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። በወሩ ስብሰባ ስም ተጠርቶ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ ካለፈው ወር የዞረውን፣ የገባውን፣ ለቀብር የወጣውንና የቀረውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ የባንክ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናት ነበሩ። ደብተሩን ተቀብለው የመጨረሻውን ማኅተም በጣታቸው ይዳስሱና «የዚህ ወር ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ነው ካላልኳቸው ለሚቀጥለው ሰው አያሳልፉም። እኔን ከፈተና የጠበቀኝ የእሳቸው ጣት ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልን ነው ያደግነው፤ ደብተሩ ግን ያለማቋረጥ ይታይ ነበር።

ጠያቂ፦

አባቴ፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል። አንድ ልዩነት ግን አለ። የእድሩ ዳኛ እርስዎን ከእንጀራዎ ሊያፈናቅልዎ አይችልም። የእኛ ተወካይ ግን «ደብተሩ ይታይ» የሚለው ውሉን ለሚያድስለት ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲጠራ ተወካያችን ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ማዕዘን ላይ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። የሒሳብ ባለሙያዋ እህቴም ያነሣሽው እውነት ነው፤ ግን ዕውቀት ያለው ሰው ፊርማ ከሌለው ዕውቀቱ ምን ያደርግልናል?

አሠሪ፣ ሸዋ ሮቢት፦

አነስተኛ ድርጅት አለኝ፤ ሃያ ሁለት ሰዎች ይሠሩበታል። ወንድሜ፣ ከፈንዱ መዋጮ ከግማሽ የሚበልጠው ከእኔ ነው የሚወጣው። ሠራተኛውን በአብላጫ ድምፅ እኔን አስወጥቶ ለመወሰን የሚያበቃው ምንድን ነው? ሠራተኛ የመረጣቸው ባለአደራዎች ለራሳቸውና ለወዳጆቻቸው ብድር ፈቅደው፣ ጡረታ የደረሰው ሰው ሲጠብቅ አይቻለሁ። የጥሬ ዕቃውንም ነገር በአንድ ወገን ብቻ አትዩት። መብራት ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ዕቃ ሳይሸጥ ወር ሲደርስ አሠሪ ያለውን ገንዘብ የሚያዞረው ደመወዝ እንዳይቋረጥ ብሎ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከአንኮበር፦

ለአሠሪው ወንድማችን፦ መዋጮው ወደ ፈንዱ ከገባ በኋላ የእርስዎ አይደለም። የደመወዝ አንድ ክፍል ነው፣ የሚከፈልበት ቀን ብቻ ነው የራቀው። ችግርዎ እውነተኛ ቢሆንም፣ ሠራተኛውን ሳይጠይቁ ከሠራተኛው መበደር አይቻልም። ድርጅቱ ቢከስርስ? ሠራተኛው ሥራውንም ቁጠባውንም በአንድ ቀን ያጣል።

ይህ በብሪታንያ ደርሷል። የጋዜጦች ባለቤት የነበረው ሮበርት ማክስዌል በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሞት፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንዶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ድርጅቶቹን ለመደገፍ መውጣቱ ታወቀ። ባለአደራዎች ነበሩ፤ አዛዡ ግን እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው አቆጣጠር በ1995 ሕግ ወጣ፣ በ2004 ደግሞ ተጠናከረ፦ ቢያንስ ከባለአደራዎቹ አንድ ሦስተኛው አባላቱ ያቀረቧቸው እንዲሆኑ፣ ባለአደራም የፈንዱን ሰነድና የጡረታ ሕጉን እንዲያውቅ ተደነገገ። በአሠሪው በራሱ ድርጅት ላይ የሚውለው የፈንዱ ገንዘብም በጥቅሉ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ከ12 አባላት በታች ያላቸው ትናንሽ ፈንዶች ከብዙ ደንቦች ነፃ የሚሆኑበት መንገድ አለ፤ አባላቱ በሙሉ ባለአደራ ሆነው በአንድ ድምፅ ሲወስኑ። ማለትም ጥበቃው የላላው ሁሉም ሰው ፊርማ ባለው ቦታ ነው።

ስለ ተወካዩ ፍርሃት ደግሞ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን የሠራተኞች ተወካይ በመሆኑ ወይም ለመሆን በመወዳደሩ ከሥራ ማሰናበትን ይከለክላል። አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅትም የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። እናንተ አርባ ናችሁ።

ሠራተኛ፣ መሐል ሜዳ፦

ሁላችሁም ስለ ፊርማ ስትናገሩ አባል ሲሞት ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ስለሚጻፍበት ቅጽ የተናገረ የለም። የሥራ ባልደረባዬ በድንገት ሞተ። ፈንዱ ሲጠየቅ ከካቢኔው የወጣው የተጠቃሚ ቅጽ ሲቀጠር የሞላው ነበር፤ የተጻፈው የእናቱ ስም ብቻ ነው። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ቅጹን ያደሰለት ግን የለም። ሚስቱ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ከመንዝ ከተማ ለከተማ ተመላለሰች። የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ጊዜ አለፈ። ባለአደራዎቹ ቀና ሰዎች ነበሩ፤ ለቅሶ ላይ አብረውን ተቀምጠዋል። በዓመት አንድ ቀን «ቅጽህን አይተህ ፈርም» ብለውት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ሌላም አለ። የእኛ ደንብ ተቀጣሪው የተወሰነ ዓመት ሳይሞላ ከለቀቀ የአሠሪው መዋጮ እንዳይከፈለው ያደርጋል። ያ የቀረ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ለቀሩት አባላት ይከፋፈላል ወይስ ወደ ድርጅቱ ይመለሳል? ደንቡ ዝም ይላል፤ የሚወስነው በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ለዚህ ነው እኔ ምርጫውን የምደግፈው።

የሒሳብ ባለሙያ፦

የመሐል ሜዳዋ እህቴ አቋሜን አስቀይራኛለች። ምርጫው ይሁን። ሆኖም የተመረጡት ሥራ ሳይጀምሩ የባንክ መግለጫና የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ ይማሩ፤ በዓመት አንድ ጊዜም በድርጅቱ ያልተቀጠረ ኦዲተር ይመርምር። የባለአደራዎች ብድር ደግሞ ራሱ ተበዳሪው በሌለበት ይወሰን። ይህ የሸዋ ሮቢቱን ሰው ሥጋት ይመልሳል።

አሠሪ፦

ብድሩ እንደዚያ ከተገደበና አንድ ወንበር ከቀረልኝ፣ የቀሩትን ሁለት ሠራተኛው ቢመርጥ አልቃወምም። በችግር ወር ግን በግልጽ ጠይቄ የምሰማበት መንገድ ይኑር።

ጠያቂ፦

መጠየቅማ መብትዎ ነው፤ እምቢ መባልም እንዲቻል ነው የምንፈልገው። ረቂቅ ደንብ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፦ ከሦስቱ ሁለቱ የተመረጡ፣ ገንዘብ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ፣ ቢያንስ አንዱ ከተመረጡት፣ ቅጽ በየዓመቱ መስከረም የሚታደስ። የደብረ ሲናው አባቴ፣ የእርስዎንም አስገብቻለሁ፤ በየወሩ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት የባንክ መግለጫው በምሳ ሰዓት ይነበባል፣ ከእጅ ወደ እጅም ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የማነበው እኔ ነኝ።

የእድር ገንዘብ ያዥ የነበሩ አባት፦

ቀኑን ቀድመህ ንገራቸው፣ ልጄ። የሌሊት ተረኞቹ እንዳይቀሩ።