ለልጆቻችን ክፍል፦ ዛፉ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

የወላጆች ቡድን አስተባባሪ፦ እዚሁ ጅማ ለሚገኘው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን አዲስ ክፍሎች ልንሠራ ነው። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ግቢውን መንጥሮ ባለ ፎቅ የብሎኬት ሕንፃ ማቆም። ሌላው ዋንዛውንና ብርብራውን ሳንነካ በመካከላቸው በቀይ አፈራችን ዝቅ ያሉ ክፍሎች መሥራት። ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦ ፎቁ ይሠራ። እኔ የተማርኩት በጭቃ ክፍል ነው። ምስጥ እንጨቱን በልቶት ግድግዳው ሲዘም በባላ ደግፈነው ነበር። ልጆቼን ወደዚያ አልመልስም።

መምህርት፦ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን እኔ አሁን የማስተምረው በብሎኬት ክፍል ነው። ግንቦት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ተነስታ እያነበበች ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ጨርሳ ቁጭ አለች፤ ምን እንዳነበበች ማንም አልሰማም። በየካቲት ደግሞ ያው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። እባካችሁ፣ ከግድግዳው በፊት ጣሪያው ይታሰብ።

የግንባታ ባለሙያ፦ ልክ ነሽ። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በቡርኪና ፋሶው ጋንዶ መንደር በ2001 እ.ኤ.አ. የጨረሰው ትምህርት ቤት ጥቂት ሲሚንቶ ከተቀላቀለበት አፈር በተሠራ ጡብ ነው የቆመው። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ አርቆ ከፍ አደረገው፤ ሙቁ አየር በመካከል ይወጣል። ግን ጋንዶ ደረቅ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ስለዚህ እዚህ የድንጋይ መሠረቱ ከፍ ይበል፣ ክዳኑም ከግድግዳው አልፎ ይውጣ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በረንዳ እዩት፤ የጥንቶቹ ዝናቡን ያውቁት ነበር።

የሦስት ልጆች አባት፦ የምስጡን አልመለስክልኝም። ውሃስ? ልጆቹ እኮ ከቤት በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ነው የሚመጡት።

የግንባታ ባለሙያ፦ ምስጥ የሚበላው በጭቃው ውስጥ ያለውን እንጨት ነው። በጡብ ግድግዳ ውስጥ እንጨት የለም። የጣሪያው እንጨት ግን መድኃኒት ይፈልጋል፣ ያንን አልደብቅህም። ውሃውን ደግሞ ከጣሪያው እንሰብስብ። በ200 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 2,000 ሊትር ነው። ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ሳይታከም አይሰጥም።

አያት፣ ቡና ገበሬ፦ ልጆቼ፣ ብርብራን ቡናችን ውስጥ የምናቆየው ለጥላ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ሲረግፍ አፈሩን ያለማል። የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ቡና ቀልቶ እንደሚለቀም አታውቅም። ጅማ ተወልዳ! ግቢው ውስጥ ጥቂት እግር ቡና ይተከልላቸው፣ እኔ ችግኙን አመጣለሁ። አንዴ የተቆረጠ ዋንዛ በእኔ ዕድሜ አይመለስም።

የሦስት ልጆች አባት፦ እሺ፣ አባባ። መጀመሪያ አንድ ክፍል ሥሩ። አንድ ክረምት ይዝነብበትና ግድግዳውን በእጄ ዳስሼ ልየው። እስከዚያ ዛፉ አይነካ። ፎቁን ግን ገና አልተውኩም።